ብርቅ ስም ወዴት ይመራል?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የስም አወጣጥ ላይ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



የዛሬው ጨዋታችን ስለ ስም ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ብዙዎቻችሁን አላውቃችሁም። ሆኖም ስማችሁን ብትነግሩኝ፣ በተወለዳችሁበት ሰሞን ቤታችሁ ውስጥ ምን ይወራ እንደ ነበር ለመገመት አልፈራም። ካሳ የሚባል ካለ ከእሱ በፊት የሞተ አለ። ምትኩ፣ ተተካ፣ ፈንታ፣ ፈንታነሽ የተባሉትም የዚያው ወገን ናቸው። ማስረሻ ኀዘን ሊያስረሳ የመጣ ነው። የስንታየሁ እናት ስንት እንዳየች የምታውቀው ራሷ ናት። ታረቀኝ የሚባለውን ግን ዝም ብዬ ባልፈው ይሻላል፤ የታረቀው እግዜር ይሁን ባልዮው፣ ጎረቤት ይመስክር።

ይህን ነገር እንዳስብ ያደረጉኝ እንግሊዞች ናቸው። በእነሱ አገር ብርቅ የቤተሰብ ስም ያለው ሰው የስሙን ምንጭ ሲፈልግ ዕድሜውን ቢጨርስ የሚገርመው የለም። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ያገላብጣል፤ የመቃብር ድንጋይ ያነባል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ሸለቆ ወይም አንድ መንደር ያገኝና «ከዚህ ነው የወጣነው» ይላል። ሰውየው ሥራ ፈትቶ አይደለም፤ የአገሩ ስም እንዲህ ዓይነት ፍለጋ ይችላል። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ሲወሩ ሕዝቡ አብዛኛው በአንድ ስም የሚጠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ባለ መሬቱ መኳንንት፣ ቀስ በቀስም ተራው ሰው፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ስም ያዘ፤ በ1400 እ.ኤ.አ. ገደማ አብዛኛው እንግሊዛዊ የቤተሰብ ስም ነበረው። ብረት ቀጥቃጩ ስሚዝ ተባለ፣ የጆን ልጅ ጆንሰን ተባለ፣ ወንዝ ዳር ያለው በወንዙ ተጠራ። ከዚያ በኋላ ስሙ ረጋ። የስሚዝ የልጅ ልጅ መዶሻ ጨብጦ ባያውቅም ስሚዝ ነው።

ከ1538 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀቱን፣ ጋብቻውንና ቀብሩን እንዲመዘግብ ታዘዘ። የ1881ዱ የሕዝብ ቆጠራ ሙሉ ዝርዝር ስላለ፣ ዛሬ አንድን ስም አንሥቶ የት አካባቢ እንደ በዛ፣ የት እንደ ሳሳ በካርታ ላይ ማየት ይቻላል። ሳይክስ የሚል ስም አለ። በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሽር በሚባለው አገር የተከማቸ ነው፤ ፍቺውም ትንሽ ጅረት ማለት ነው። በኦክስፎርድ ያስተምር የነበረ፣ ራሱም ሳይክስ የሚባል የዘረ መል ሊቅ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ስሙን የሚጋሩ ወንዶችን ናሙና ሰብስቦ ቢመረምር ግማሽ ያህሉ በአባት በኩል አንድ ዓይነት ምልክት ተገኘባቸው። ከሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በአንዲት ጅረት ዳር የኖረ ሰው በዛሬ ልጆቹ ደም ውስጥ ተገኘ ማለት ነው።

ይህን ዘዴ ወደ እኛ አገር፣ ወደ ነፋስ መውጫ ወይም ወደ ወገዳ ብናመጣው አይሠራም። የእኛ ሰው ስም ሁለት ትውልድ ቆይቶ ይሄዳል። የእኔ ስም ለልጄ የአባት ስም፣ ለልጅ ልጄ የአያት ስም ነው፤ ከዚያ በኋላ ከወረቀት ላይ እወርዳለሁ። በዚህ እኛ ብቻ አይደለንም። አይስላንዶችም እስከ ዛሬ በአባት ስም ነው የሚጠሩት፤ የስልክ ማውጫቸው እንኳ ይደረደር የነበረው በራስ ስም ነው። እንዲያውም በ1925 እ.ኤ.አ. አዲስ የቤተሰብ ስም ማውጣትን በሕግ ከለከሉ።

ስለዚህ «ይህ ስም ከየትኛው መንደር ወጣ?» የሚለው ጥያቄ እኛ ዘንድ መልስ የለውም። «ይህ ስም ከየትኛው ቀን ወጣ?» ብለን ከጠየቅን ግን መልሱ ሞልቷል። የእንግሊዝ ብርቅ ስም ወደ አንድ ቦታ ይመራል፤ የእኛው ወደ አንድ ጠዋት ይመራል። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ የዚህ ማስረጃ ነው።

የደቡብ ጎንደር ምሥራቁና ደቡቡ ክፍል፣ ማለትም ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፣ ስም ሲያወጣ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ለአንድ ሰው መልስ ይሰጣል እንጂ ዕቃ ላይ ምልክት እንደሚለጥፍ አይደለም። ሰጠኝ፣ ማረኝ፣ አዳነ ሲል ከእግዜር ጋር ነው። ደምሴ፣ ስንሻው፣ አያሌው ሲል ጠላት እንዲሰማው ነው። ነፃነት የምትባል አሮጊት ብታጋጥማችሁ ጣሊያን ከወጣ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ብትወለድ ነው፤ አብዮት የሚባለውን ጎልማሳ ዕድሜውን ባትጠይቁትም ታውቁታላችሁ።

ከሁሉም ልቤን የሚይዙት ግን ከሞት ጋር የሚነጋገሩት ስሞች ናቸው። ቢያድግልኝ። ቢተው። «ቢ» የምትለዋን ፊደል ልብ በሉ። እናትየዋ ልጁን ታቅፋ ስም ስታወጣ እርግጠኛ መሆን ፈርታለች። «ያድጋል» ብትል የሚሰማት አለ፤ «አድግ» ብላ ብታዝ ደግሞ ድፍረት ይሆንባታል። ስለዚህ በ«ቢ» ታስቀምጠዋለች፤ ዓረፍተ ነገሩን ጀምራ ሳትጨርስ ትተወዋለች። ልጁ ሰባ ዓመት ኖሮ ሽበት አብቅሎ በሸንጎ ሲቀመጥም «አቶ ቢያድግልኝ» ነው። ያ ሁሉ ዕድሜ የእናቱ ፍርሃት ከስሙ አልወጣም። ልጅ ሲሞትባት የኖረች ሴት ወንዱን በአንቺ እያለች የምታሳድግበት ልማድም አለ፤ የሚሻማውን ለማታለል ነው። ስሙም እንደዚያው ነው፤ ልጁን ሲጠሩበት ጋሻም ሆኖ እንዲያገለግል የተሰጠ ነው።

እንግዲህ «ታዲያ እኛ የአባቶቻችንን ስም ጥለን ነው የኖርነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። የት አስቀምጠነው እንደ ነበር ልንገራችሁ። መሬት ላይ ነበር።

አያቴ የእስቴ ሰው ነበሩ። ዐሥር ዓመት ገደማ ሆኖኝ፣ አብዮቱ ሊመጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ማታ ማታ ከምድጃው ዳር ጀንዲ አንጥፈው ባቄላ ይደረድሩ ነበር። የመጀመሪያውን ባቄላ ያስቀምጡና «ይኸ አንተ ነህ» ይላሉ። ቀጥለው «ይኸ አባትህ፣ ይኸ እኔ፣ ይኸ አባቴ» እያሉ ወደ ላይ ይሄዳሉ። ቅድመ አያት፣ ምንዥላት፣ እንጅላት እያሉ እስከ አቅኚው አባት፣ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው ሰው ድረስ። ከዚያ ባቄላውን ይሰበስቡና «በል አንተ ደርድር» ይሉኛል። አንዱን ዘልዬ ከደረደርሁ ሁሉንም በእጃቸው ይበትኑታል። «ባቄላ የዘለለ ርስት ዘለለ» ይሉ ነበር።

ቀልድ አልነበረም። ያኔ በበጌምድር፣ እንደ ጎጃሙ ሁሉ፣ ርስት በትውልድ ነበር። አቅኚው አባት ያቀናው ምድር ለልጆቹ ይከፈል ነበር፣ የልጆቹም ለልጆቻቸው። ድርሻውን ፈንታ ይሉት ነበር። ማንም ሰው ከዚያ አባት መውረዱን በሽማግሌ ፊት ቆጥሮ ካስረዳ ፈንታዬን አካፍሉኝ ማለት ይችል ነበር። ከመሬቱ ላይ ያለው ደግሞ ቆጣሪው እንዲሳሳት ይጠባበቅ ነበር። መካከል ላይ አንድ ስም ከተዘነጋ፣ ወይም የወንድሙ ስም በአባቱ ቦታ ከገባ፣ ክርክሩ ያበቃ ነበር። ለሟች ምትክ የተወለደው ልጅ ፈንታ መባሉና የመሬቱ ድርሻ ፈንታ መባሉ አንድ ቃል ነው፤ ይህን ሳስብ ገበሬው የተናገረው ሁሉ ወደ አንድ ነገር የሚመለስ ይመስለኛል።

እንግሊዞችና እኛ የምንለያይበት ትልቁ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ርስት በአባት ብቻ አይወርድም ነበር፤ በእናትም ይወርድ ነበር። አያቴ ለአባታቸው ወገን ባቄላ፣ ለእናታቸው ወገን ሽምብራ ይጠቀሙ ነበር። የእናታቸው ሰዎች ስማዳ ነበሩ፤ ስለዚህ ሽምብራው በስማዳ መሬት ላይ የሚያደርስ መንገድ ነበር። ከጋይንት ወደ እስቴ፣ ከእስቴ ወደ ስማዳ የተዳረች ሙሽራ ከጥሎሽ ሌላ የአባቶቿን ስም ይዛ ትሄድ ነበር፤ ያ ስም ልጆቿ የሚከራከሩበት ሀብት ነበር። አንድ ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት። ይህን እስከ ሰባተኛው ቤት ብታደርሱት 128 ሰው ነው። የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ከነዚህ ከ128ቱ አንዱን ብቻ መርጦ ይይዝና 127ቱን ይጥላል፤ የሴቶቹን ደግሞ በሙሉ። እኔ የአያቴን ጀንዲ አይቼ ስላደግሁ፣ የቤተሰብ ስም የላችሁም የሚለኝን ሰው ስሰማ በልቤ እስቃለሁ።

በእርግጥ 128ቱን የሚያውቅ አልነበረም። ሰው የሚያጠናው ክርክር ያለበትን መስመር ነበር፤ መሬት የማያደርሰው ባቄላ ይረሳ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ የሰባት ቤት ቆጠራ፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ፣ ሌላውን መስመር በጥቂቱ ያስታውሳል፤ እሱንም የምትቆጥረው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት አሮጊት አክስት ናት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሚሆንበት አዋጅ ታወጀ። አዋጁን በሬዲዮ የሰማነው ከአያቴ ጋር ነው። ጭሰኛ የበዛበት ደቡቡ አገር ጨፈረ፤ እዚህ ግን ብዙው ገበሬ በርስቱ ላይ ያለ ስለ ነበር ነገሩ ግራ ገባው። ከዚያ ወዲህ መሬት የሚሰጠው ለቤተሰብ ብዛት እንጂ ለቆጠራ አልሆነም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል እንደገና ሲደለደልም አቅኚ አባትን የጠየቀ የለም። ዛሬ ገበሬው የያዘው የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው ጎን ለጎን ሰፍሯል፤ ሚስትየዋ በራሷ አባት ስም ተጽፋለች። ይህ መልካም ነገር ነው፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን ደብተሩ ላይ ከአያት በላይ የሚገባ ስም የለም፤ ባቄላውም ወደ ማሰሮው ተመለሰ።

ሌሎቹን ስሞቻችንን ባጭሩ ልንካ። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ስትጠመቅ ቄሱ የክርስትና ስም ይሰጣሉ፤ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ የሚል፣ ለሴትም ወለተና አመተ የሚል። ይህ ስም በገበያ አይጠራም። በቁርባን ይጠራል፤ ሰውየው ሲሞትም በፍትሐቱ የሚጠራው እሱ ነው። ሰባ ዓመት ጎረቤት ሆነው የኖሩ ሰዎች የአንዱን የክርስትና ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት ሬሳው አጠገብ ቆመው ሊሆን ይችላል።

በአገር ስም መጠራትም አለ። እስቴው፣ ስማዳው፣ ጋይንቴው። አንድ ነገር አስተውሉ፦ ጋይንት ውስጥ ጋይንቴው የሚባል ሰው የለም። ይህ ስም የሚወጣው ሰውየው ከአገሩ ሲወጣ ነው። ድጓ ለማስመስከር ከየአገሩ ወደ ጋይንት ቤተልሔም የሚመጡት ተማሪዎች «የላስታው»፣ «የሸዋው» የሚባሉት እዚህ ከመጡ በኋላ ነው። የእንግሊዝም የመንደር ስም ያለው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከዚያ መንደር የወጣ ነው እንጂ እዚያው የቀረ አይደለም። ስም ሰውን ከአገሩ ጋር የሚያስተሳስረው ከተለየ በኋላ መሆኑ ይደንቀኛል።

መንግሥት ይህን ሁሉ ዥንጉርጉር ማየት አይወድም። ቱርክ በ1934 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ ዜጋ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ በሕግ አስገደደች፤ መሪዋ ሙስጠፋ ከማልም አታቱርክ የተባሉት ያኔ ነው። በእኛም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት፣ አንቀጽ 32 ላይ ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ በመንግሥት ሰነድም የቤተ ዘመዱ ስም እንዲቀድም ያዛል። ሕጉ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆነው። እኔ ግን ከደብረ ታቦር እስከ ጨጨሆ በቤተ ዘመድ ስም የሚጠራ ሰው አላየሁም። ሬኔ ዳቪድ ከአያቴ ጀንዲ አጠገብ ቢቀመጡ ኖሮ አንቀጹን ሌላ አድርገው ይጽፉት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሕጉ ያልቻለውን መዝገብ ቻለው። እኔን ቤት ውስጥ እናቴ በአንድ ስም፣ ሴት አያቴ በሌላ ስም ነበር የምትጠራኝ። ትምህርት ቤት የወሰደኝ አጎቴ ነው፤ መምህሩ «ስሙ ማን ነው?» ሲሉ አጎቴ የሚያውቀውን ተናገረ፤ እሱው ሆኜ ቀረሁ። ሴት አያቴ እስክትሞት ድረስ ያንን የትምህርት ቤት ስም አልጠራችውም። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል፤ ልጁ ገና በአራስ ቤት ሳለ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ተብሎ በሦስት ሳጥን ይገባል። አያቶች በስሙ የሚሟገቱበት ጊዜ አጠረ።

ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው ከውጭ ነው። ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ቅጹ የቤተሰብ ስም ይለዋል፤ እሱም የአያቱን ስም ይሰጣል። አብረውት የሚሄዱት ልጆቹ በዚያው ደንብ ከሞሉት የእነሱ አያት የእሱ አባት ነውና አባትና ልጅ በወረቀት ላይ ባዕድ ይሆናሉ። ገብረ ማርያም የተባለው ሰው ደግሞ ስሙ ለሁለት ተቆርጦ ገብረ የራስ ስም፣ ማርያም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይደርሰዋል። ከጎንደር ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያንም፣ በ1984ና 1985 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል የተጓዙት፣ ከደረሱ በኋላ ብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል።

የእኔ ታናሽ ወንድም በዲቪ ሎተሪ ነው ወደ አሜሪካ የሄደው። የአያታችንን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ አስመዘገበ። ከእሱ በፊት በሱዳን በኩል የወጣው የአጎታችን ልጅ ግን የአባቱን ስም ስለ ሰጠ፣ ሁለቱ አንድ ከተማ ውስጥ እየኖሩ በስም አይገናኙም። ወንድሜ እዚያ ሴት ልጅ ወለደ። በእኛ ልማድ በእሱ ስም ትጠራ ነበር። የዚያ አገር ሕግና ልማድ ግን የቤተሰቡን ስም ሰጣት፤ ስለዚህ የአባቷንም፣ የአያቷንም ስም ዘልላ በቅድመ አያቷ ትጠራለች። ሁለት ባቄላ ዘለለች ማለት ነው። አያቴ ቢያዩ ሁሉንም ይበትኑት ነበር።

የአያቴ ስም ቢተው ነው።

እንግዲህ በአንድ የአሜሪካ ከተማ «ቢተው» የሚባል የቤተሰብ ስም ተወለደ። ልጂቱ ልጅ ብትወልድ ሊቀጥል ይችላል። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ የዚህን ብርቅ ስም ምንጭ ፍለጋ መዝገብ ሊያገላብጥ ይችላል፤ እስቴ የሚል ቃልም ያገኝ ይሆናል። እንግሊዙ ጅረት ዳር ቆሞ እንደሚደሰተው ይደሰታል። ስሙ ግን ከእስቴ አልወጣም፤ እስቴ የነበረች አንዲት ሴት ከፈራችበት ጠዋት ነው የወጣው።

ልጂቱ ባለፈው ዓመት ለትምህርት ቤት ሥራ የስሟን ትርጉም ጠይቃ ስልክ ደወለች። እኔ ትርጉሙን መናገር እችል ነበር፤ ግን አክስቴን፣ የአያቴን ልጅ፣ አቀረብኋት። መነኩሲት ናት፤ ዓይኗ ደክሟል፤ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ በጣም ጮኻ ነው የምትናገረው። ከሴት አያቷ የሰማችውን አንድ በአንድ ነገረቻት፦ ከአባቷ በፊት ሦስት ወንዶች መሞታቸውን፣ አራተኛው ሲወለድ እልልታ መከልከሉን፣ ሕፃኑን ለማየት የመጡት ሁሉ «ቆንጆ ነው» እንዳይሉ መለመናቸውን፣ እናትየዋ ስም አውጪ ሲሏት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ቢተው» ማለቷን። «ሞት ቢተው ማለቷ ነው፣ ልጄ» አለቻት። ወንድሜ ከወዲያ ሆኖ ያስተረጉማል። ልጂቱ ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ «ተወው?» ብላ ጠየቀች፤ ይህችን በአማርኛ ነበር።

«ሰባ ስምንት ዓመት!» አለች አክስቴ። ቀጥላም እንደ ልማዷ የሚበልጥባትን ጠየቀች፦ «የክርስትና ስምሽስ ማን ነው?»

ልጂቱ ስልኩን ለአባቷ ሰጠች።